የእይታ ጥበብን ለወጣት ተማሪዎች ማስተማር

የእይታ ጥበብ ትምህርት ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርጽን፣ ህትመትን፣ ፎቶግራፍንና ግራፊክ ንድፍን ያጠቃልላል። ከ11 እስከ 18 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ሲሰጥ ግን ከሕፃናቱ ትምህርት ዋናው ልዩነቱ የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የተማሪው ዓይን ነው። ሕፃን የሚያውቀውን ይስላል፤ ሰማዩን ከላይ፣ መሬቱን ከታች አስምሮ መካከሉን ባዶ ቢተወው ቅር አይለውም። የሥነ ጥበብ መምህርና ተመራማሪ የነበረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 የልጆችን የሥዕል እድገት በደረጃ ከፋፍሎ ሲያስረዳ፣ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጁ ሥራውን ከእውነተኛው ነገር ጋር እያመሳከረ በራሱ ላይ መፍረድ እንደሚጀምር ጽፏል። ዓይን ከእጅ ቀድሞ ያድጋል፤ ልጁ ጉድለቱን ያያል፣ ማረሚያውን ግን አያውቅም። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚባለው በዚህ ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ ዘዴ ያላሳዩት ልጅ፣ ብዙውን ጊዜ እርሳሱን እንዳስቀመጠ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማየት ልምምድ ቢውሉ ይበጃል። ቀላሉ መነሻ ወረቀቱን ሳያዩ የአንድን ነገር ጠርዝ መከተል ነው። ተማሪው እርሳስ የማይዝበትን እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን በጣቶቹ ጠርዝ ላይ እጅግ በዝግታ ያስኬዳል፤ እርሳሱም በዚያው ፍጥነት ይከተላል፣ ለ5 ደቂቃም ከወረቀቱ አይነሳም። የሚወጣው ሥዕል የተጣመመ ስለሚሆን ክፍሉ ይስቃል። መምህሩ ልምምዱ ለዓይን እንጂ ለሥዕሉ ማማር እንዳልሆነ አስቀድሞ ካልተናገረ ወረቀቱን የሚቀድ አይጠፋም። ሰርቆ ማየትን ለመከላከል እርሳሱን በካርቶን መካከል አሳልፎ ካርቶኑ እጅን እንዲሸፍን ማድረግ ይቻላል።

ወንበር ሲስሉ ስህተቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው። መቀመጫው አራት ማዕዘን መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ከጎን ጠብቦ እያዩት እንኳ ሰፊ አድርገው ያወጡታል። መድኃኒቱ ወንበሩን ትቶ በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መሳል ነው፤ ባዶ ቦታ ስም ስለሌለው አእምሮ የለመደውን ቅርጽ አያቀብልም። በእርሳስ መለካትም እዚህ ላይ ይገባል። ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ተጨፍኖ፣ የእርሳሱ ጫፍና አውራ ጣት መለኪያ ይሆናሉ። ክንዱ በትንሹ ከታጠፈ መለኪያው ይለወጣልና የተዛባ ምጥጥን ሲታይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ክርን ነው። ፊት ሲሳል ደግሞ ዓይኖች በጭንቅላቱ ቁመት አጋማሽ ላይ ይውላሉ። ጀማሪ ግንባርን ባዶ ቦታ አድርጎ ስለሚቆጥር ወደ ላይ ይሰቅላቸዋል፣ የራስ ቅሉም የተቆረጠ ይመስላል።

ለብርሃንና ለጥላ አንድ ኤች ቢ (መካከለኛ ጥቁረት ያለው) እርሳስ አይበቃም፤ የሚጠቁረው 2ቢ፣ 4ቢና 6ቢ ያስፈልጋል። ተማሪዎች መጀመሪያ ከነጭ እስከ ጥቁር 5 ደረጃ ያለው መለኪያ ይሠራሉ፣ ቀጥሎ 9። የተለመደው ችግር ጥቁርን መፍራት ነው፤ ሥዕሉ ሁሉ ግራጫ ይሆንና ይተኛል። ሁለተኛው ምክንያት ክፍሉ ራሱ ነው። ከሁለት መስኮትና ከጣሪያ መብራት ብርሃን ሲመጣ አንድ ነገር ሦስት ጥላ ይጥላል፣ ልጁም የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። አንድ መብራት በጎን በኩል አድርጎ፣ ነጭ የተቀባ ሣጥንና ኳስ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል።

ፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም ጥልቀትንና ርቀትን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳየት፣ በጣሊያን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ሙከራና በጸሐፊውና አርክቴክቱ አልበርቲ ጽሑፍ ሥርዓት የያዘ ዘዴ ነው። ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲረዝም ወደ ማስመሪያ ሥራ ይለወጣል። ባለ ሁለት ነጥብ ሥዕል ላይ ሣጥኑ ከተጣመመ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ሁለቱ ነጥቦች ተቀራርበዋል ማለት ነው። መፍትሔው በግራና በቀኝ ተጨማሪ ወረቀት አጣብቆ ነጥቦቹን ከሥዕሉ ውጭ ማውጣት ነው።

ቀለም ላይ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በመደባለቅ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሁሉን ያስገኛሉ ቢባልም፣ ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ቀይ ወደ አረንጓዴ ካዘነበለ ሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ሳይሆን የደፈረሰ ቡናማ ይወጣል፤ በሁለቱም ውስጥ የተደበቀ ቢጫ አለና። ስለዚህ ከየመሠረታዊው ቀለም ወደ ተለያየ ጎን ያዘነበሉ ሁለት ዓይነት፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ የሚባሉትን፣ በድምሩ 6 ቀለምና ነጭ መያዝ ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ጥቁረት ያለውን በጥቂቱ ወደ ፈዛዛው መጨመር ነው። ተገላቢጦሹ ቢጫውን ሁሉ ይጨርሳል። ሁለት የውኃ ዕቃ፣ አንዱ ለማጠቢያ ሌላው ለንጹሕ፣ ግድ ነው። ለውኃ ቀለም በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይመረጣል፤ 80 ግራም የሆነው የማባዣ ወረቀት ይጨማደዳል። አክሪሊክ፣ ማለትም ከደረቀ በኋላ በውኃ የማይለቅ ቅብ፣ የደረቀበት ቡርሽ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

በጀርመን በነበረው የጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት በባውሃውስ ያስተማረው ዮሴፍ አልበርስ የቀለም ልምምዱን ከቅብ ይልቅ ባለ ቀለም ወረቀት ያሠራ ነበር። አንድ ዓይነት ወረቀት በሁለት ልዩ ልዩ መደብ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል። ይህ ለትምህርት ቤት እጅግ የሚስማማ ነው፤ መቀስና ማጣበቂያ ይበቃዋል፣ እጥበትም የለውም።

ሸክላ ላይ ዕቃው እሳት ውስጥ ሲፈነዳ አየር ይወቀሳል፣ ዋናው ጥፋተኛ ግን ያልደረቀ ውኃ ነው። 100 ዲግሪ ሲያልፍ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ውፍረቱን ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ አለማሳለፍና ቀስ ብሎ ማድረቅ ያድናል። እጀታ የሚለጠፈው ሁለቱም ፊት በሹካ ተጭሮ፣ በቀጠነ ጭቃ ተቀብቶ ነው፤ ዝም ብሎ የተለጠፈ ሲደርቅ ይወድቃል። የሸክላ አቧራ ሳንባን ስለሚጎዳ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በደረቁ አይጠረግም። በሊኖሊየም ህትመት፣ ማለትም ለስላሳ ንጣፍ ቀርጾ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ በማተም፣ ደግሞ ፊደል ተገልብጦ ይቀረጻል፣ መቅረጫውም ሁልጊዜ ከሌላው እጅ ርቆ ወደ ፊት ይሄዳል።

ለ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 7 ደቂቃ ማሳያ፣ 28 ደቂቃ ሥራ፣ 10 ደቂቃ ማጽዳት ይስማማል። የማጽጃው ሰዓት ሲሸረፍ ቀጣዩ ክፍል ይጎዳል። መምህር በተማሪ ወረቀት ላይ ፈጽሞ መሳል የለበትም፤ በጎን በተለየ ወረቀት ያሳያል። አንድ የመምህር መስመር የገባበት ሥራ ከተማሪው እጅ ወጥቷል፣ ልጁም ያንን ያውቀዋል።

ስለ ሥራዎች ሲወያዩ የሥነ ጥበብ ትምህርት ምሁሩ የኤድመንድ ፌልድማን አራት እርምጃዎች፣ ማለትም መግለጽ፣ መተንተን፣ መተርጎምና መፍረድ፣ በብዙ ክፍሎች ያገለግላሉ። ተማሪዎች ቀጥታ ወደ አራተኛው ይዘላሉ፤ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ይላሉ። መምህሩ «ምን ታያለህ?» ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል። ምዘናውም መመዘኛው ከሥራው በፊት ተነግሮ፣ የንድፍ ደብተሩንና የተሞከሩትን ረቂቆች ጭምር ሲያይ ፍትሐዊ ይሆናል። ከስልክ ፎቶ መገልበጥ ሙሉ በሙሉ ባይከለከልም፣ ካሜራው ምጥጥኑን ወስኖ ጠፍጣፋ ስላደረገው የማየቱን ሥራ ይነጥቃል፤ ከእውነተኛው ነገር ከተሳለ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ቢመጣ ይሻላል። ከ16 ዓመት በላይ ያሉት በአንድ ርእስ ዙሪያ ተከታታይ ሥራ እንዲሠሩ ሲደረግ፣ የመጀመሪያው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ሰፊ ነው። «ተፈጥሮ» ያለችው ተማሪ አንድ ቅጠል ሲደርቅ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እንድትስል ቢነገራት ሥራው መልክ ይይዛል።