በቤት ውስጥ የስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ፦ የሚባለውና እውነታው

ስቶፕ ሞሽን ማለት በእጅ የተሠራ አሻንጉሊትን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ፎቶዎቹን አከታትሎ ማሳየት ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ እናንተ ካንቀሳቀሳችሁት በስተቀር ሌላ ምንም ነገር መቀየር የለበትም። የሚያሳስቱት አባባሎች አብዛኞቹ ይህን የዘነጉ ናቸው።

«ውድ ካሜራ ከሌለ አይሞከርም»

ስልክ በደንብ ይበቃል። የሚያስቸግረው ስልኩ በራሱ የሚያስተካክላቸው ነገሮች ናቸው። አሻንጉሊቱ እጁን ባነሳ ቁጥር ስልኩ ፎከሱን፣ የብርሃኑን መጠንና ዋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሚዛን) እንደገና ይቀያይራል። ፊልሙ ሲታይ ግድግዳው አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል። ሦስቱንም መቆለፍ የሚያስችል የስቶፕ ሞሽን አፕ ጫኑ። ስልኩን በጣት መንካትም ያነቃንቀዋል፤ በብዙ ስልኮች ባለገመድ ማዳመጫው ላይ ያለው የድምፅ ቁልፍ ፎቶ ያነሳል።

«የመስኮት ብርሃን እያለ አምፖል ምን ያደርጋል?»

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። የመስኮት ብርሃን ለአንድ ፎቶ ውብ ነው። ግን አስቡት፦ ለአንድ ሴኮንድ ፊልም 12 ፎቶ ብታነሱ፣ የ10 ሴኮንድ ፊልም 120 ፎቶ ይፈልጋል። አንዱ ፎቶ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ሁለት ሰዓት ሄደ። እስከዚያ ፀሐይ ቦታ ትቀይራለች፣ ደመና ይመጣል፣ ይሄዳል። ያ ሁሉ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ሲጨመቅ ጥላው ወለሉ ላይ ይሮጣል፣ ምስሉም ብልጭ ድርግም ይላል።

መጋረጃውን ዝጉና በሁለት የጠረጴዛ መብራት ሥሩ፤ ጠንከር ያለው ከጎን፣ ደከም ያለው ከፊት። ብርሃኑ ከበዛ መብራቱን አርቁት። በዲመር (በብርሃን መቀነሻ ቁልፍ) አትቀንሱት፤ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ሲቀነሱ ዓይን በማያየው ፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ካሜራ ግን ያያል። ልብሳችሁንም አትርሱ። ነጭ ሸሚዝ ብርሃን እየመለሰ አሻንጉሊቱ ላይ ይጥላል። ጠቆር ያለ ልበሱ፣ ፎቶ ስታነሱም ሁሌ አንድ ቦታ ቁሙ።

«ሰፊ ክፍል ያስፈልጋል»

የጠረጴዛ ጥግ ይበቃል። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን፣ የትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) እግሮች ደግሞ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው።

«ለአንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ፎቶ ግድ ነው»

አይደለም። 12 ፎቶ አንስቶ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ማሳየት የተለመደ አሠራር ነው። በጣም ፈጣን እንቅስቃሴ ሲመጣ ብቻ ወደ 24 ከፍ በሉ።

«ጭቃ ሁሉ አንድ ነው»

በውሃ የሚቦካ ሸክላ ሥራው ሳያልቅ ይደርቃል፤ ክንዱን ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ዘይትነት ያለው ፕላስቲሲን ግን አይደርቅም። መብራት ሲጠጋው ስለሚለሰልስ ብቻውን አይቆምም፣ አጽም ይፈልጋል። የአሉሚኒየም ሽቦ ሁለት አድርጋችሁ ጠምዝዙ፤ ነጠላው እየታጠፈ ቶሎ ይሰበራል። መድረኩን ስፒል ከሚያስገባ ሰሌዳ ሠርታችሁ እግሩን በስፒል ካያያዛችሁት፣ በአንድ እግሩ የቆመ አሻንጉሊት እንኳ አይወድቅም።

«የጣት አሻራ ከታየ ተበላሸ»

እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው ኪንግ ኮንግ ፊልም የጎሪላው ፀጉር ሲርመሰመስ ይታያል። አኒሜተሩ (አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው) በየፎቶው መሃል ስለነካው ነው። ፊልሙን ማንም በዚህ አልጣለውም። አሻራው ይታይ፣ የእጅ ሥራ መሆኑን ይናገራል። የቀለም መቀላቀል ግን ያስጠላል፤ ነጩን ከቀዩ በፊት ሥሩ፣ እጃችሁንም በየመሃሉ ጥረጉ።

«የተበላሸውን በኋላ በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን»

ትንሽ የብርሃን መርገብገብ ይስተካከል ይሆናል። ካሜራው ከተገፋ ግን ነገሩ ይከብዳል። አፑ ያለፈውን ፎቶ በስሱ ደርቦ ያሳያል፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ካሜራውን ቀስ እያላችሁ መልሱት። አልገጥም ካለ ሾቱን (ከአንድ ማዕዘን የተነሳውን ክፍል) እዚያው ቁረጡና ካሜራውን ሌላ ማዕዘን ላይ አድርጋችሁ ቀጥሉ።