ዳይናሪግ ምንድን ነው?

ዳይናሪግ የሸራ መርከብ ምሰሶና ሸራ የሚሠራበት አንድ ዘዴ ነው። አግዳሚዎቹ፣ ማለትም ሸራው የሚዘረጋባቸው ተሻጋሪ ዘንጎች፣ ምሰሶው ላይ ተጣብቀው ይሠራሉ። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር አግዳሚው ብቻውን አይዞርም፤ ምሰሶው ራሱ ከነሸራው ይዞራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን አንድ ቅንጡ የሸራ ጀልባ ይህን ምሰሶ ከመረጠ ከውጭ ምን እንደሚመስል፣ እራት የት እንደሚበላ፣ ሳሎኑ መሃል ምን እንደሚቆም ሁሉ አብሮ ይወሰናል። ብዙ ሰው የጀልባ ዲዛይን ሲባል ሶፋና እብነ በረድ ነው የሚታየው። እኔ ግን ዲዛይኑ የሚጀምረው ከምሰሶው ነው ባይ ነኝ።

የድሮዎቹን ባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከቦች አስቧቸው። ምሰሶው ንቅንቅ አይልም። አግዳሚዎቹን በገመድ እየጎተቱ ማዞር ነው። ሸራ ለመጠቅለል መርከበኛው በዚያ ማዕበል ምሰሶው ላይ ይወጣል። አግዳሚው ላይ ተደፍቶ እርጥብ ሸራ በእጁ ይሰበስባል። ወድቆ የቀረውን ባሕር ይቁጠረው። ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ በየአቅጣጫው የተወጠረ ገመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቪልሄልም ፕሮልስ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ይህን ሁሉ ጣጣ ለማስቀረት አሰበ። ዓላማው የባለጸጋ መዝናኛ አልነበረም። የጭነት መርከብ በጥቂት ሠራተኛ፣ በነፋስ ብቻ ውቅያኖስ እንዲያቋርጥ ነበር የፈለገው። ያኔ ግን ነዳጅ ርካሽ ነው። ማን ይስማው? ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከወረቀት ያወጣው አሜሪካዊው ቶም ፐርኪንስ ነው። በሲሊከን ቫሊ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ አፍስሶ የከበረ ሰው ነበር። ኢስታንቡል አጠገብ ቱዝላ በሚባል ቦታ፣ የጣሊያኑ መርከብ ሠሪ ፔሪኒ ናቪ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ትልቅ የብረት የመርከብ ቀፎ (ባዶ አካል) አገኘ። ምሰሶና ሸራውን ለሆላንዳዊው ኼራርድ ዳይክስትራ ሰጠ። መልኩንና የውስጡን ዲዛይን ደግሞ ኬን ፍራይቮክ ያዘ። 88 ሜትር ርዝመት ያላት «ማልቲዝ ፋልከን» እ.ኤ.አ. በ2006 ውሃ ላይ ወረደች።

ሦስት ምሰሶ አላት፤ ሦስቱም ካርቦን ፋይበር ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ሸራ ይይዛል፤ በድምሩ 15 ሸራ፣ 2,400 ካሬ ሜትር ገደማ። ሸራዎቹ ሥራ ሲፈቱ ምሰሶው ሆድ ውስጥ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ቁልፍ ሲጫን እንደ መጋረጃ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ በአግዳሚዎቹ ሐዲድ ላይ ይሳባሉ። ማንም ሰው ምሰሶ ላይ አይወጣም። ሁሉም ተዘርግተው ለማለቅ 6 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። አግዳሚዎቹ ቀጥ ያሉ እንዳይመስሏችሁ፤ ጎበጥ ብለው የተሠሩ ናቸው። አምስቱ ሸራ ክፍተት ሳይኖረው ሲገጥም አንድ ትልቅ ክንፍ ይሆናል። ምሰሶዎቹ ውስጥ የፋይበር ኦፕቲክ ክር ተቀብሯል። ነፋሱ ምሰሶውን ምን ያህል እያጎበጠው እንደሆነ ካፒቴኑ በስክሪን ያያል።

ወደ ውጪው ዲዛይን እንምጣ። ተራ የሸራ ጀልባ ላይ ብትወጡ ሁለት ነገር ያስቸግራችኋል። አንደኛው በየቦታው የተወጠረው የብረት ገመድ ነው። ሁለተኛው ከዋናው ሸራ ሥር ያለው ረጅም አግዳሚ ነው፤ ነፋስ ሲገለብጠው ከራስ በላይ ጠርጎ ያልፋል፤ ያላጎነበሰ ጉድ ይሆናል። ስለዚህ ዲዛይነሩ ጠረጴዛና ሶፋ የሚያስቀምጠው ከእነዚህ የተረፈ ቦታ ላይ ነው። ዳይናሪግ ሁለቱንም አያውቅም። ምሰሶው ያለ ገመድ ራሱን ችሎ ይቆማል። ወለሉ ነጻ ነው። ሰው ሸራ ተዘርግቶ፣ መርከቧ እየሄደች፣ ፈታ ብሎ ምሳውን ይበላል። ፋልከን ላይ ማታ ፊልም የሚታየው ሸራው ላይ ነው። ይቺ ነገር ቅንጦት ብቻ ትመስላለች፤ ግን ሌላ ጀልባ ሊያደርገው ቢፈልግም ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አይመቸውም።

ገመድ ያስቀረ ሰው ግን በሌላ በኩል ይከፍላል። 58 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ያለ ደጋፊ ገመድ እንዲቆም ሁለት ቦታ መያዝ አለበት፦ አንዱ የላይኛው ወለል ላይ፣ ሌላው ታች የመርከቧ ግርጌ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር ምሰሶው ይጸናል። ስለዚህ ምሰሶው የግድ መኖሪያውን ሰንጥቆ መውረድ አለበት። ያውም ወፍራም ምሰሶ፣ ያውም የሚዞር።

እዚህ ላይ ፈሪ ዲዛይነር ቢሆን በጥሩ እንጨት ሸፍኖ ግድግዳ ያስመስለው ነበር። ፍራይቮክ ግን የቤቱ ማዕከል አደረገው። ዋናው ምሰሶ በክብ አዳራሽ መሃል ያልፋል፤ ደረጃው ዙሪያውን ይጠማዘዛል። ፎቆቹን የሚያገናኘው ይኸው አዳራሽ ነው። ለእኔ የመርከቧ ምርጡ ውሳኔ ይህ ነው። ውድ ቆዳና የሚያብረቀርቅ ብረት ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። መርከቧን የሚያስኬደውን ነገር ሳሎን መሃል ማቆም ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የውስጥ ዲዛይነሩን የሚያስቸግረው ሌላው ነገር መዝመም ነው። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ምሰሶው ምንም ዓይነት ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለዚህ ነው የጀልባ ጠረጴዛ ጠርዙ ከፍ ያለው፣ ዕቃው ወለል ላይ የሚታሰረው፣ መሳቢያው ቀና ካልተደረገ አልከፈት የሚለው። ፎቶ ላይ የሆቴል ክፍል የሚመስለው ሁሉ አንድ ቀን በጎኑ ይተኛል ተብሎ ነው የተሠራው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሸራው ተጠቅልሎም ቢሆን ምሰሶውና አግዳሚዎቹ ብቻቸውን ነፋስ ይይዛሉ። ነፋስን ፊት ለፊት እየገጠሙ በመሄድ ደግሞ ዘመናዊው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ይበልጠዋል። ዋጋውማ አይነሳ። የፓናማን ቦይ ማቋረጥ የሚፈልግም ባሕር ላይ ስላለው ነፋስ ብቻ አያስብም፤ እዚያ ያለው የአሜሪካዎች ድልድይ ሥር ከፍታው 61 ሜትር ገደማ ነው። የፋልከን 58 ሜትር ለጥቂት ያልፋል።

ከፋልከን በኋላ ይህን ምሰሶ የደፈረ ለረጅም ጊዜ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሆላንዱ መርከብ ሠሪ ኦሽንኮ 106 ሜትር የምታልፈውን «ብላክ ፐርል» አስረከበ። እሷም ሦስት የሚዞሩ ምሰሶዎች አሏት። በሸራ ስትሄድ ፕሮፔለሯን ውሃው ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ነዳጅ መቆጠብ የፕሮልስ የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር። እሱ ግን ያሰበው ለጭነት መርከብ ነው።