የሁለት ዓመቱ የኪራይ ውል ማንን ያስራል?

ጉለሌ ወይም ልደታ ባለ ነባር ሰፈር ቤት የሚከራይ ሰው «ውሉ የሁለት ዓመት ነው» ሲባል ይደነግጣል፤ ሥራ ብቀይርስ ብሎ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ያንን ጊዜ ያስቀመጠው በዋናነት ለተከራዩ ዋስትና ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። አከራዩም ኪራይ አለመክፈልን የመሰለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ሳይኖረው «ልጄ ሊገባበት ነው፣ ልቀቅ» ሊል አይችልም። ተከራዩ ግን የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል።

ጭማሪም በየፊናው አይደለም፤ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ሰኔ 30 ይፋ በሚያደርገው ተመን ብቻ ነው። ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር አምጡ የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ይህንኑ ንገሩት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ምዝገባውን ነው፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ደግሞ እሱን ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኪራዩንም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ክፈሉ፤ ክርክር ቢነሳ የክፍያው ማስረጃ በእጃችሁ ይኖራል።