የጤና ሥርዓትን ማጠናከር ምንድን ነው?

አንድ ጤና ጣቢያ አዲስ ሕንፃ ወይም አልጋ ባገኘ ቁጥር «የጤና ሥርዓቱ ተጠናከረ» ይባላል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ድሃው ሕክምና ያጣው ሕንፃ ስላልተሠራለት ብቻ እንደሆነ አጥብቀው ሲከራከሩ ሰማሁ። ሕንፃ አያስፈልግም አልልም፤ ሥርዓት የሚባለው ግን ባለሙያው፣ መድኃኒቱ፣ ገንዘቡ፣ መረጃውና አመራሩ የሚያያዙበት መንገድ ነው። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን እንዲሠሩ ያሠለጠነው ይህን ተረድቶ ነው።

የጎንደር ሰው ነገሩን በውኃ ያውቀዋል። ውኃ ሲጠፋ ሮቶ እንገዛለን፤ ሮቶው ቤተሰቡን ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል፣ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣውን መስመር ግን አይጠግነውም። ሁሉም ሮቶ ሲሞላ ደግሞ ዳገት ላይ ያለው፣ መግዣም የሌለው ቤት ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይቀራል። በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒትና መሣሪያ ሮቶ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ነፍስ ያድናልና አልንቀውም፤ ስሙ ግን ድጋፍ እንጂ ሥርዓትን ማጠናከር አይደለም።

መስመሩ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ዓይን በማይገባ ቦታ ነው። እኔ የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ ነኝ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለመከላከልና ለማስቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ማቀዝቀዣው ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማቀዝቀዣው በደንብ ይሠራ ነበር፤ የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ሳገላብጥ ግን መድኃኒቱ በ20 ቀን አልቆ ለ40 ቀን ዜሮ ሆኖ አገኘሁት። በየሁለት ወሩ በሚላከው ሪፖርት ላይ «ያለቀበት ቀን ብዛት» የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር። በ20 ቀን 20 አምፑል (የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ) የተጠቀመ ጤና ጣቢያ የሁለት ወር ፍጆታው 20 ሆኖ ተቆጠረ፣ የሚላክለትም በዚያው ልክ ተሰላ፤ የሚያስፈልገው ወደ 60 ነበር። መድኃኒት ያጣ ተቋም በማጣቱ ምክንያት ዳግመኛ ይቀነስበታል ማለት ነው።

ይህንን ዓምድ በትክክል መሙላት፣ የሚያጣራውን ሰው መመደብ፣ መጋዘኑም ቁጥሩን አይቶ እንዲልክ ማድረግ ሥርዓትን ማጠናከር ነው፤ ሪባን ግን አይቆረጥለትም። ያው ስሕተት በሌሎች መድኃኒቶች ላይ ሲደርስ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን የከፈለ ገበሬ «ከውጭ ግዙ» ተብሎ የማዘዣ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አባልነቱን አያድስም።