አርጎባ፦ ሕዝቡ፣ አገሩና ቋንቋው

የሐረር ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከነሱ አንዱ ብዙ ሰው «ኤረር በር» የሚለው ነው። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ «አርጎብ በሪ» ይሉታል። «በሪ» ማለት በር ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው በዚሁ በኩል ነበር። በሩ ስሙን ያገኘው ከሚያወጣበት አቅጣጫ ነው። በዚያ ወጥቶ ወደ ኤረር ሸለቆ የሄደ ሰው የአርጎባ ገበሬዎች መንደር ይደርሳል።

ያው ስም ከሐረር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆም ይገኛል። በአማራ ክልል አርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። በአፋር ክልልም አርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። ሕዝቡ አርጎባ ይባላል። ቋንቋው በአማርኛ አርጎብኛ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እሱንም አሳጥሮ «አርጎባ» ነው የሚለው። ስለዚህ አንድ ሰው «አርጎባ ነኝ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ የት እንደተወለደ መጠየቅ ያስፈልጋል። በስሙ የሚጠራው ሕዝብ ሁሉ ቋንቋውን አይናገርም። እንዲያውም የማይናገረው ይበዛል።

ስሙ ከየት መጣ ለሚለው ሽማግሌዎች የሚሰጡት መልስ በሰፊው ይታወቃል፤ «አረብ ገባ» ከሚለው ነው ይላሉ። አባቶቻችን እስልምናን ይዘው ከአረብ አገር የመጡ ናቸው የሚለው ትውፊት በአርጎባ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም ነውና የእምነቱና የስሙ ታሪክ አብረው ይነገራሉ። ቋንቋው ግን የአረብኛ ልጅ አይደለም። እንደ አማርኛ፣ እንደ ሐረሪና እንደ ጉራጌኛ ሁሉ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ለአማርኛ ነው።

የአርጎባን ኑሮ ለመረዳት መሬቱን ማየት ይበጃል። ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን ገደላ ገደል ያስቡ። ከላይ የአማራ ገበሬ አለ። ከታች የአፋር አርብቶ አደር አለ። አርጎባ የሰፈረው መሐል ወገቡ ላይ ነው። ደጋም አይደለም፣ ቆላም አይደለም። ጥጥ፣ ማሽላና ጫት የሚበቅልበት፣ ከታች የሚመጣው ግመልና ከላይ የሚወርደው በቅሎ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ነጋዴ ቢሆን አያስገርምም። አርጎባ በንግድና በሽመና የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ገበያው የሚፈልገውን ቋንቋ ሁሉ መናገርም ግዴታው ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ ሲያስፈልግም አረብኛ። ይህ ችሎታ ዘመናትን አሻግሮታል። የራሱን ቋንቋ ያሳሳበትም ይኸው ይመስለኛል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ከአንኮበር ወረድ ብሎ አልዩ አምባ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ትንሽ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ ቅፍለት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነበር። ጨው ይገባል። ቡናና ሌላ ሸቀጥ ይወጣል። ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ የዚያን ገበያ ታሪክ መተረክ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ወደ ሸዋ የመጡ የእንግሊዝ መልእክተኞች ያለፉት በዚሁ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 አልዩ አምባ ተቀምጦ ስለ ከተማዋ በሰፊው ጽፏል።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ አገሩ የይፋት ሱልጣኔት ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አሸንፎ ይፋትን ማዕከሉ አደረገ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተደረገው ጦርነት ይፋትን አዳከመው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወላስማዎች ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ታሪካቸውም በኋላ ሐረርን መዲናው ባደረገው በአዳል ሱልጣኔት ቀጠለ። በይፋት አካባቢ ኖራ፣ አስበሪና መሳል በሚባሉ ቦታዎች የዚያ ዘመን የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። መስጊድ አለ፣ የመኖሪያ ቤት ግድግዳ አለ፣ መቃብር አለ። የአርጎባ ሰዎች እነዚህን ፍርስራሾች የአባቶቻችን ቤት ይሏቸዋል። አንድ ስም በሰሜን ሸዋም በሐረርም መገኘቱ እንግዳ የሚሆንበት ሰው ይህን የምሥራቅ ጉዞ ያስታውስ።

በሐረር በኩል ያለው አርጎባ ዋና ምልክቱ ኮረሚ ናት። ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኤረር ሸለቆ በላይ ባለው አምባ ላይ ተጠጋግተው የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች መንደር ናት። የቤቱ ውስጥ አሠራር የሐረርን ቤት ያስታውሳል። በዚህ በኩል ያሉት አርጎባዎች ግን በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። በይፋት በኩል ደግሞ አማርኛው ገብቷል። ስሙ በሁለቱም ቦታ ጸንቷል። ከ1983 ዓ.ም በኋላ ደግሞ የብሔረሰብ መታወቂያ ሆነና ልዩ ወረዳዎቹ ተቋቋሙበት። በ2002 ዓ.ም ምርጫ የአርጎባ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት በተወካዮች ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ይዞ ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ። እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አርጎብኛን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚያስበው «ይሄ የተንጋደደ አማርኛ ነው» ብሎ ነው። ስህተት ነው። አርጎብኛ ከአማርኛ የወጣ ሳይሆን የአማርኛ እህት ነው። በአንዳንድ ነገር ደግሞ ከአማርኛ ይልቅ ወደ ጥንቱ ይቀርባል።

ቁጥር እንውሰድ። ግዕዙ «አሐዱ» ይላል። አማርኛ መሐል ያለችውን ሐ ጥሎ «አንድ» አለ። አርጎብኛ ግን «ሀንድ» ይላል፤ ድምፁ ከነሕይወቱ አለ። ግዕዝ ለሁለት «ክልኤቱ» ይላል። አማርኛ «ከ»ን ወደ «ሀ» ለውጦ «ሁለት» አደረገው። አርጎብኛው «ኬት» ነው። አጠረ እንጂ «ከ»ን አልለቀቀም። ግዕዙ «ሐመድ» የሚለውን እኛ «አመድ» ስንል አርጎብኛው አሁንም በሀ ይጀምረዋል። እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ'ን በፊደል ብቻ ለይተን በአፍ አንድ ካደረግናቸው ቆይተናል። ልጆች ትምህርት ቤት «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ» እያሉ በቃል የሚያጠኑት ልዩነቱ በጆሮ ስለማይሰማ ነው። ሾንኬና ጦለሃ በሚባሉት መንደሮች አርጎብኛ ውስጥ ግን ያቺ የጉሮሮ ሐ ዛሬም ትሰማለች። የአማርኛን ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ሰው የግድ እዚያ መውረድ አለበት።

ቋንቋውን ከውጭ ምሁራን መካከል ማርሴል ኮኸንና ቮልፍ ሌስላው አጥንተውታል። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ አርጎብኛ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። የሾንኬና የጦለሃውን አነጋገር ደግሞ ጀርመናዊው አንድሪያስ ቬተር በሰፊው ጽፎበታል።

አርጎብኛ ዛሬ ከምር የሚነገረው ጥቂት ቦታ ነው። ከነሱ ስሟ የገነነው ሾንኬ ናት፤ ከከሚሴ ብዙም በማይርቅ ተራራ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ቤቶቿ በድንጋይና በጭቃ የታነጹ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ ከዳገቱ ጋር የተጣበቁ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ተራራውና መንደሩ አይለዩም። ሾንኬ የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ነበረች። ታዋቂው የወሎ ሊቅ ሼህ ጀውሃር ሐይደር ያስተማሩት እዚያ ነው። ደረሳ ከየአገሩ እየመጣ ይማርባት ነበር። ተራራዋ ላይ በመሆኗም ከገበያው ግርግር ርቃ ቋንቋዋን አቆይታለች።

አሁን ግን ብዙ ቤተሰብ ከአምባው ወደ ሜዳው እየወረደ ነው። ውኃው፣ መንገዱ፣ ጤና ጣቢያው ታች ነውና ማንም አይፈርድበትም። አካባቢው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሆነ ታች ያለው ትምህርት ቤት በኦሮምኛ ያስተምራል፤ ገበያው ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል። ልጅ ክፍል ውስጥ «ቶኮ፣ ለመ» ብሎ ይቆጥራል። ሱቅ ሲላክ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። «ሀንድ፣ ኬት» የሚለው እቤት ነው፤ የሚያዋራው ትልቅ ሰው ካለ።