አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ምንድን ነው?

የእህል ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከመኸር በኋላ ገዝቶ ለክረምት ማስቀመጥ የሚያስብ ቤተሰብ እየበዛ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አዲስ እህል ገበያ ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ መልሶ ይወጣል። ከሐሳቡ ጋር አብሮ የተስፋፋው አባባል ግን ስህተት ነው። ለዚህ የሚገዛውን አየር የማያስገባ ከረጢት የሚሸጠውም፣ በቪዲዮ የሚያስተዋውቀውም፣ ገዝቶ የተማረረውም አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ይሄ እኮ ነቀዝ አያስገባም»።

ነቀዙ ቀድሞ ገብቷል። ከረጢቱ የሚሠራውም ከእህሉ ጋር ዘግቶበት ነው። ይህ አንድ ነገር ካልተያዘ ቀጥሎ የሚደረገው ሁሉ ይበላሻል። የነቀዝ መግደያ ክኒን ይጨመርበታል፣ እርጥብ እህል ይታሰርበታል፣ በየሳምንቱ እየተከፈተ ይታያል፣ ለማያስፈልገው እህል ገንዘብ ይወጣበታል።

ስሪቱ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ አለው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት የፖሊኢትሊን ላስቲኮች፣ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው፣ ከውጭ ደግሞ ተራ የተሸመነ ማዳበሪያ። የውጭው ሸክም ይችላል እንጂ አየር አይከለክልም። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና በካሜሩን ተመራማሪዎች ትብብር የተጀመረው ካውፒ ለሚባል ጥራጥሬ ነበር፤ ወደ ሌላው እህል የተስፋፋው በኋላ ነው። ላስቲኩ ላይ የተቀባ መድኃኒት የለም። አንድ ላስቲክ ብቻ ያላቸው፣ ግን ጋዝ የሚከለክል ንብርብር ከውስጡ የተሠራባቸው ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። ስስ ፌስታል ድርብ አድርጎ ማሰር ግን ይህን አይተካም፤ ኦክስጅን ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ ሲጎተትም ይቀደዳል።

አሁን ወደ ነቀዙ። የበቆሎ ነቀዝ እናቲቱ ፍሬውን በአፏ ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያም ቀዳዳውን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ እዚያው ፍሬው ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ጎልማሳ ሆኖ ሽፋኑን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ገበያ ላይ አንድም ነቀዝ ያልታየበት በቆሎ ወይም ስንዴ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ማበጠርና መንፋት ጎልማሳውን ያስወግዳል፣ ፍሬው ውስጥ ያለውን አይነካም። «ንጹሑን ገዝቼ ዘግቼ ሳስቀምጥ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ አብሮ ተገዝቶ ነው የመጣው። ሽምብራ ላይ ለማየት ይቀላል። የጥራጥሬው ጢንዚዛ እንቁላሏን በፍሬው ላይ ስለምታጣብቅ፣ ልጣጩ ላይ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ነገሩ ተጀምሯል።

ከረጢቱ ውስጥ የሚሆነውን በሰርግ ቤት ማሰብ ይቻላል። መሶቡ ሞልቷል፣ እንግዳው ገብቷል፣ በርና መስኮቱ ተመርጓል። እንግዳው ይበላል፣ ይተነፍሳል፤ አየሩ ግን የተወሰነ ነው። በቁጥር ስናየው፣ አንድ ኩንታል በቆሎ 140 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ከዚህ 40 በመቶ ያህሉ በፍሬዎቹ መካከል ያለ ክፍተት ስለሆነ ወደ 55 ሊትር አየር አለ ማለት ነው። ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነውና ለእንግዳው ሁሉ ያለው 11 ወይም 12 ሊትር ኦክስጅን ብቻ ነው። እንግዳው በበዛ ቁጥር ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ነቀዝ ባለበት እህል መጠኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ያኔ ነቀዙ መብላትም መራባትም ያቆማል።

አሟሟቱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው አፍንጫ ይዞ እንደማፈን አይደለም። ደረቅ እህል ውስጥ የሚጠጣ ነገር የለም። ነቀዝ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ውሃ በአብዛኛው የሚያገኘው የበላውን ምግብ ሰውነቱ ውስጥ በኦክስጅን ሲያቃጥል ከሚፈጠረው ነው። ኦክስጅኑ ሲያንስ ያ ውሃ ይቋረጥና ደርቆ ይሞታል። በሰርግ ቤቱ ቋንቋ፣ መሶቡ ሳይጎድል ጠላው ነው ያለቀው። ጓዳ የተኙት፣ ማለትም እንቁላሉና ፍሬው ውስጥ ያለው እጭ፣ ጥቂት ስለሚበቃቸው ከጎልማሶቹ የበለጠ ይቆያሉ። ከረጢቱ ከታሰረ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ተኩል መከፈት የለበትም የምንለው ለዚህ ነው። «ሞቱ ወይ?» እያለ በየሳምንቱ የሚከፍት ባለቤት ለእንግዶቹ አዲስ ጠላ እያስገባላቸው ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላ ከረጢትም አዳራሹን አስፍቶ ጥቂት እንግዳ እንደመጥራት ነው፤ አየሩ ቶሎ አያልቅም። በተቃራኒው ነቀዝ በጣም ጥቂት የሆነበት እህል ውስጥ ኦክስጅኑ ቀስ ብሎ ቢወርድ አያስጨንቅም። የሚበላውም ጥቂት ነው።

«ከነነቀዙ ማሰርማ እንዴት ይሆናል? መጀመሪያ ክኒን ይግባበት፣ ከዚያ ይታሰር፤ ድርብ ጥበቃ ይሆናል» የሚል በልበ ሙሉነት የተሞላ አስተማሪ አይጠፋም። ድርብ ጥበቃ አይደለም። ባለ 3 ግራሟ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ትለቃለች። ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ በሸራ ታሽጎ፣ በኋላም በሚገባ ተናፍሶ እንዲሠራበት የተዘጋጀ ነው እንጂ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ጥግ ላለ ጆንያ አይደለም። ደግሞ ነቀዝ ፎስፊንን በደንብ የሚስበው ኦክስጅን ሲኖር ነው። ኦክስጅኑ ሲመናመን መተንፈሱን ስለሚቀንስ የሚወስደው መርዝም ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱ አይደመሩም፣ ይጋጫሉ። ታሽጎ የቆየው ጋዝም የሚወጣው እናት ለምሳ እህል ልትቀዳ ማድ ቤት ውስጥ ስትከፍተው ነው። የከረጢቱ ጥቅሙ በሙሉ ክኒኑን ማስቀረቱ ነው።

ሌላው ቅሬታ «ከረጢቱ እህሌን አሻገተብኝ» የሚለው ነው። ሻጋታውን ያመጣው እርጥበት ነው። ተራ ጆንያ ስለሚተነፍስ በመጠኑ እርጥብ የሆነን እህል እያደረቀ ሊያቆይ ይችላል፤ አየር የማያስገባው ግን የያዘውን እርጥበት ይዞ ይቀራል። እርጥብ እህል ይታመቃል፣ ይኮመጥጣል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃው ከላይ ላስቲኩ ላይ እንደ ላብ ይቋጥራል። በቆሎ ከ13.5 በመቶ፣ ስንዴ ከ13፣ ጥራጥሬ ከ12 በመቶ ያልበለጠ እርጥበት ሊኖረው ይገባል።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ጨው አለ። ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የሆነ ግልጽ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በእህሉ ሙሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩበት፣ ከድናችሁ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ነቅንቁትና ለሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው። ልብ በሉ፣ ከ15 በታች ነው የተባለው፣ ከ13.5 በታች ነው አልተባለም። ስለዚህ ፈተናውን ቢያልፍም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨመርለት። ሸራ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አሳስቶ ማስጣትና በየጊዜው ማገላበጥ ይበቃል። ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህል ወዲያው አይታሰርም፤ ጥላ ሥር ይብረድ፣ አለበለዚያ ከላይ የተባለው ማላብ በመጀመሪያው ሌሊት ይጀምራል። የጨው ፈተና ክረምት ላይ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ቀን፣ ጨውም ላብ ስለሚያመጣ አያስተማምንም።

ስለ ሻጋታ ካነሣን አይቀር፦ ከረጢቱ ሻጋታ እንዳይቀጥል ያግዛል እንጂ ከመታሰሩ በፊት የተፈጠረን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አያጠፋም። ይህን መርዝ መቀቀልም መጋገርም በሚያስተማምን መጠን አያስወግደውም። የሻገተ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም በርበሬ ርካሽ ተገኘ ተብሎ አይከማችም።

ከሁሉ የሚገርመው ብዙ የከተማ ቤተሰብ ከረጢቱን መጀመሪያ የሚገዛው ለጤፍ መሆኑ ነው። ጤፍ አያስፈልገውም። ፍሬው ከማነሱ የተነሣ የነቀዝ እጭ የሚያድግበት ቦታ የለውም። ደረቅ ከሆነና ከአይጥ ከተጠበቀ በተራ ጆንያ ዓመታት ይቆያል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በአንዳንድ አካባቢ ማሽላን ወይም ጥራጥሬን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ የሚያስቀምጠው ክፍተቱ ሲሞላ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ሲደፍንም የሚሠራበት መርሕ የከረጢቱ መርሕ ነው፤ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ዘሎ የማይገባውም አየሩ ስለሚገድል ነው። እንግዲህ ለከረጢት የሚወጣው ገንዘብ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ላይ ይዋል።

የጤፍ ዱቄት ሌላ ጉዳይ ነው። ከተፈጨ በኋላ የዱቄት ጢንዚዛ ይገባዋል። የበቆሎ ዱቄት ደግሞ የፍሬው እምብርት ዘይት ስላለው ይመራል፣ ይህን አየር መከልከል ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። የሚከማቸው እህሉ ነው፤ ዱቄቱ ለሁለት ለሦስት ሳምንት በሚበቃ መጠን ይፈጭ። ውጭ አገር ሆነው ሽሮ ከቤት የሚላክላቸው ደግሞ ከረጢት አያስፈልጋቸውም፤ እንደታሸገ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለ4 ቀን ማቆየት ነፍሳቱን ይገድላል። ከወጣ በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፈት ይቆይ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይዞ ይሻግታል።

አሁን አስተሳሰሩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ላስቲኮች በየተራ አየር ሞልታችሁ አፋቸውን ጨብጣችሁ ጫን በሉ፤ የሚተነፍስ ቦታ ካለ በጆሮ ወይም በጉንጭ ይታወቃል። አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡ፣ ሁለቱንም ማዳበሪያው ውስጥ። እህሉ ይበጠር፣ ገለባና ድንጋይ ላስቲክ ይበሳል። ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በየመሐሉ ነቅንቁ፤ ጥጎቹ ባዶ ሲቀሩ አየር ይይዛሉ። ከላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አንገት ይቅር። የውስጠኛውን ላስቲክ አየሩን በእጅ ጨምቃችሁ አውጡ፣ አንገቱን ጠምዝዙ፣ አጥፉት፣ በሲባጎ ወይም በካላማዳሪያ ጎማ ቁራጭ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሁለተኛውን ለብቻው እንዲሁ፣ ማዳበሪያውንም ለብቻው። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማሰር በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው፤ በእጥፋቶቹ መሐል አየር ያልፋል። በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አይጥ ላስቲኩን ከቀደደ የተባለው ሁሉ ፈረሰ።

ለዕለት ቀለብ አንድ ኩንታል በአንድ ከረጢት ማሰር አይመከርም። ባለ 50 ኪሎ ሁለት ይሻላል። አንዱ ሲከፈት እህሉን በባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ገልብጡት፤ አንዱ ጀሪካን 14 ኪሎ ገደማ በቆሎ ይይዛል። እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት። ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለእህል አይሆንም። ታጥቦ የነበረውም ውስጡ ፍጹም እስኪደርቅ ተገልብጦ ይቆይ።

ከረጢቱ ከተጠነቀቁለት ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። ባዶ ሲሆን አራግፋችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት፣ ከዚያ ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱት። የውስጠኛው ላስቲክ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች ከታዩ ለመውጣት የታገለ ነቀዝ የበሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ላስቲክ የተሠራውም ለዚህ ነው። አንድ ሁለት ከሆኑ በጥሩ ፕላስተር ከሁለቱም ወገን ይለጠፋሉ። ከበዙ ያ ላስቲክ ይጣል፣ ደህናው ወደ ውስጥ ይግባ፣ ለውጭው አዲስ ይገዛ።