በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ምንድን ነው?

ጀርመን አገር የሚኖር ሰው ጃንዋሪ መግቢያ ላይ የጎረቤቱን በር ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከላይ በኩል በነጭ ጠመኔ 20፣ ቀጥሎ ሦስት የላቲን ፊደሎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 26 ተጽፎ ያገኛል። የቤት ቁጥር የሚመስለው አለ። ጥንቆላ ነው ብሎ የሚደነግጥም አለ።

አይደለም፣ በረከት ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ቁጥሮች ሲገጠሙ 2026 ይሆናሉ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓመቱ ነው። ፊደሎቹ ሲ፣ ኤም እና ቢ ናቸው፤ «ክሪስቱስ ማንሲዮኔም ቤኔዲካት»፣ ማለትም «ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ» የሚለው የላቲን ጸሎት መነሻዎች። ብዙ ሰው ግን የሰብአ ሰገል ስም መነሻ ነው ይላል፦ ካስፓር፣ ሜልኪዮር፣ ባልታዛር። በፊደሎቹ መሃል ያሉት ምልክቶች መስቀል ናቸው፣ የመደመር ምልክት እንዳይመስሏችሁ።

የሚጽፉት በአብዛኛው የአካባቢው የካቶሊክ ደብር ልጆች ናቸው። የወረቀት ዘውድ ደፍተው፣ በእንጨት ላይ የተሰካ ኮከብ ይዘው፣ በዚያ ብርድ ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ፤ ለችግረኛ ልጆችም ገንዘብ ያሰባስባሉ። በጣም ደስ ይላል! ደጃችሁን ካንኳኩ ክፈቱላቸው፣ ጽሑፉንም አታጥፉት፤ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ልጆቹ የሚዞሩለት በዓል ጃንዋሪ 6 ነው፣ ለእኛ የገና ዋዜማ። ስሙ «ኤፒፋኒ» ስለሆነ ጥምቀት እያልን እንተረጉመዋለን፤ ካቶሊኮቹ ግን በዚያ ቀን በዋናነት የሚያስቡት የሰብአ ሰገልን መምጣት ነው። የጌታን ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ እሁድ ለብቻው ያከብሩታል።